ወንድሜ ታሞ ሰው መታ፣ ሰኞ ቀጠሮ አለው፣ ምን ላርግ?

የዘጌዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሕግ ምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ከ4 ዓመት በፊት ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረና ደህና ሆኖ እዚሁ ባሕር ዳር ጋራዥ ይሰራ ነበር። ክረምት ላይ ጠበል ይግባ ተባለ እኛም እሺ አልን፣ እዛ እያለ መድኃኒቱ ተቋረጠ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ነጂን "ይከታተለኛል ሊገለኝ ነው" ብሎ በብረት መቶ እጁን ሰበረው። ልጁን ጭራሽ አያውቀውም። ጣቢያ ሲጠይቁት "አዎ መታሁት" ብሎ ፈርሟል። አሁን ምግብ ስወስድለት መርዝ አለበት ብሎ አይበላም፣ አንዳንዴ እኔንም አያውቀኝም። መታመሙን ብናገር "ሁሉም ሲያዝ ያብዳል" ነው ያሉኝ።

ጠበቃው ከግሽ ዓባይ፦
አይዞሽ እህቴ። ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው ያለሽ፣ ሰው ግን አንድ ያረገዋል። አንደኛው በመታው ሰዓት እንዴት ነበር ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 በሽተኛ መሆኑን ብቻ አይቶ ከቅጣት ነፃ አያደርግም፣ በሕመሙ ምክንያት በዛች ሰዓት የሚያደርገው ምን እንደሆነና ምን እንደሚያስከትል መረዳት አቅቶት ነበር ወይ፣ ወይም ቢረዳም ራሱን መግዛት አቅቶት ነበር ወይ ብሎ ነው ሚጠይቀው። ይቺን "ወይም" አጥብቀሽ ያዣት። እንግሊዞች በ1843 እ.ኤ.አ. ታሞ ሰው ከገደለው ከማክናተን ጉዳይ የወሰዱት መለኪያ ማወቅ አለማወቅ ላይ ነው ያለው፣ የኛ ግን ራስን መግዛት አለመቻልንም ይቆጥራል። ስለዚ "አዎ መታሁት" ማለቱ በሩን አይዘጋበትም፣ መምታቱንማ ያውቃል፣ ሊገለኝ ነው ብሎ ነው የመታው። አቅሙ በከፊል ብቻ ከተነካ ደሞ አንቀጽ 49 አለ፣ ቅጣት ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነው። እህቱን ካላወቀ ክሱን እንዴት ይረዳል፣ ለጠበቃውስ ምን ብሎ ያስረዳል? ሰኞ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ጠይቂና በጽሑፍ በአንቀጽ 51 ይመርመርልን በሉ። የአእምሮ መታወክ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ ማስቀረብ አለበት። ዳኛው የሐኪሙን የሳይንስ ግኝት የመቀበል ግዴታ አለበት፣ በሕግ ኃላፊ ነው አይደለም ሚለውን ግን ራሱ ነው ሚወስነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ ጠጥቶ ነበር? ሰው በፈቃዱ ሰክሮ ያደረገው በአንቀጽ 50 ስለሚታይ ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ ሚያነሳው እሱን ነው።

ሲስተር ጣና፦
የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። "ሲያዝ ያብዳል" ሚባለውን ምታፈርሱት ከመያዙ በፊት ባለው ነው። ካርዱን ከታከመበት ሆስፒታል ዛሬውኑ አስወጡ፣ መድኃኒት ያቆመበትን ቀን ጻፉ፣ ጋራዥ አብረውት የሚሰሩት መቼ መለወጥ እንደጀመረ ያስታውሳሉ፣ ጠበል አብረውት የነበሩትም፣ ስልክሽ ላይ የላከልሽ ቴክስት ካለ እንዳታጠፊው። ሐኪሙ ከወር በኋላ ሲያየው የዛን ቀን ምን ይመስል እንደነበር የሚያገኘው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ጣቢያ እንዲገባለት ደሞ ለዳኛው ተናገሩ፣ ይሄ ቀጠሮ አይጠብቅም። ጠበሉን አትደብቁ ጥፋት አይደለም፣ መድኃኒቱ ጎን ለጎን መሄድ ነበረበት እንጂ።

ባለባጃጁ፦
ወንድምሽን እግዜር ይማረው፣ ግን እኔም ነጂ ነኝና የተሰበረው ልጅ ነው ያሳዘነኝ። እጁ እስኪድን ገቢው ዜሮ ነው። ታሟል ተብሎ ወንድምሽ ቤቱ ከገባ እሱን ማን ያየዋል?

ጠበቃው ከግሽ ዓባይ፦
ትክክል ነህ ወንድሜ። መጀመሪያ፣ ኃላፊ አይደለም ማለት ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል ማለት አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲታከም ያዛል፣ ለሰው አደገኛ ከሆነ ተቋም እንዲገባ ያዛል፣ ትእዛዙም በየ2 ዓመቱ ይታያል። አንዳንዱ ከእስራቱ በላይ የሚቆይበት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ቤተሰብ አስቦበት ነው መጠየቅ ያለበት። ካሳው ደሞ ሌላ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2030 ጥፋትን ሲመዝን የአድራጊውን የአእምሮ ሁኔታ አያይም፣ ዳኛው መጠኑን ሊቀንስ ይችላል እንጂ የልጁ መብት አይጠፋም።

የዘጌዋ፦
መጠጥ አፉ ላይ አያዞርም፣ ጫትም አይቅምም። ካርዱን ዛሬ አገኘሁት፣ የመጨረሻ መድኃኒት የወሰደው ሐምሌ 12 ነው። ባለባጃጁ ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ማታ ከአባቴና ከሁለት ሽማግሌ ጋር ልጁ ቤት ሄደን ነበር። እናቱ አስገባችን፣ ቡናም አፈላችልን፣ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። የሕክምናውን ከፍለናል፣ እሁድ ደግመን እንሄዳለን። ጠበቃው፣ ማመልከቻውን ዛሬ ማታ ጽፌ ስሙን ሳልጠቅስ እዚሁ ብለጥፈው ታይልኛለህ?