ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የእድራችን የጋራ ሐሳብ፦ የቀብርና የመታሰቢያ ዝግጅት

የእድሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በማቅረብ አይታማም። ቤተሰብ የሚጨነቀው ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው፤ የሟቹ ንስሐ አባት ማን እንደሆኑ፣ ቀብሩ በየትኛው ደብር እንደሚፈጸም፣ ሩቅ አገር ያለ ልጅ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ የሚለው ሁሉ የሚጠየቀው አስከሬኑ ቤት ውስጥ ሳለ ነው። ስለዚህ አባላት በሕይወት ሳሉ የሚሞሉት አንድ ገጽ ቅጽ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አዛውንት አባል፦
ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው በቁሙ ስለ ቀብሩ እንዲጽፍ መጠየቅ በብዙ ቤት እንደ ሟርት ይቆጠራል። በንስሐ አባት ፊት መናዘዝ ግን የኖረ ልማዳችን ነውና፣ ቅጹ እርሳቸው ባሉበት ተሞልቶ አንዱ ቅጂ በእጃቸው ቢቀመጥ የሚከፋ ሰው አይኖርም።

በድቁና የሚያገለግል አባል፦
በአባታችን ሐሳብ እስማማለሁ። ሥርዓቱን ግን እድሩ እንዳይደነግግ አደራ እላለሁ። ጸሎቱ በመጽሐፈ ግንዘት መሠረት በካህናት የሚደርስ ሲሆን፣ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ መቃብር እስኪደርስ ድረስ በሰባት ምዕራፍ እያረፈ ፍትሐት ይደረግለታል። ቤተሰብ ካህናቱን ሳያማክር የቀብር ሰዓት ካስነገረ በኋላ ምዕራፉ በጥድፊያ ሲታለፍ ማየት ያሳዝናል፤ እድሩ ጡሩንባ የሚያስነፋው ከደብሩ ጋር ሰዓት ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት የማይደረገው የሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ስለሚደረግ መሆኑም ይጻፍ፤ ይህን የማያውቅ ሐዘንተኛ ሟቹ የተናቀበት ይመስለዋል።

የሴቶች ተወካይ፦
የጣና ሐይቅ ነገር አልተነሣም። ትውልዳቸው በሐይቁ ዳር ካለችው ዘጌ የሆነ አባላት በአባቶቻቸው አጥቢያ መቀበርን ቢናዘዙ፣ በጀልባ ለመሄድ ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ጣና በነፋስ ሲናወጥ አስከሬንና ለቀስተኛ ጭኖ መቅዘፍ አያስተማምንም። በተጨማሪም እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉ ሴቶች በማይገቡባቸው ገዳማት መታሰቢያው እንዲደረግለት የሚናዘዝ አባል፣ ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ በዕለቱ እንደማይገኙ ሲናዘዝ ሊነገረው ይገባል። ኋላ በወንድምና በእኅት መካከል ቅሬታ የሚያመጣው ይህ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከሣልስት፣ ማለትም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሰባት፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት መታሰቢያ አለ። ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት በቂ ሆነው ሳለ ቤተሰቡ በየጊዜው ድግስ ያለበት መስሎት ይበደራል። የእድሩ ገንዘብ በቀብሩ ዕለት ሙሉ በሙሉ ይከፈል፤ በቅጹም ላይ «ተዝካሬ ለነዳያን ይሁን» የሚል አማራጭ ይኑር።

አዛውንቱ አባል፦
አማራጭ ከሆነ እቀበላለሁ። ግዴታ እንዳይሆን እንጂ፤ የ40ውን ተዝካር ጎረቤት ሳይቀምስ ማለፍ የሚከብደው ቤተሰብም አለ።

የእድሩ ጸሐፊ፦
አማራጭ ብቻ ተብሎ ይጻፋል። ቅጹ በንስሐ አባት ፊት እንዲሞላ፣ የቀብር ሰዓት በደብሩ ስምምነት እንዲነገር፣ የሕማማቱና የገዳማቱ ማብራሪያም እንዲካተት ተስማምተናል። የጀልባውን ኪራይ እድሩ ይሸፍን ወይስ ቤተሰቡ የሚለው አልተቋጨምና፣ ገንዘብ ያዣችን የሁለቱንም ስሌት ለጉባኤው ይዘው እንዲቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።