ለሰርቨር ትልቅ ሜሞሪ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቻናሉን ቁጠሩ

ለዳታቤዝ ወይም ለቨርቹዋል ማሽን ሰርቨር የሚገጥሙ ሰዎች ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ባለ 64 ይሻላል፣ ባለ 96 ወይስ ባለ 128 ጊጋ?» እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው። ፕሮሰሰሩ ስንት የሜሞሪ ቻናል አለው? ቻናል ማለት ዳታ በሜሞሪውና በፕሮሰሰሩ መሀል የሚመላለስበት መንገድ ነው።

ኤኤምዲ ኤፒክ 9004 የሚባለው የሰርቨር ፕሮሰሰር በአንድ ሶኬት 12 ቻናል አለው። አራተኛው ትውልድ የኢንቴል ዚዮን ደግሞ 8። ሁለቱም ዲዲአር5 የሚባለውን የሜሞሪ ትውልድ እስከ 4800 (በሰከንድ 4800 ሚሊዮን ዝውውር) ያስኬዳሉ። በዚህ ፍጥነት አንድ ቻናል በሰከንድ 38.4 ጊጋባይት ያሳልፋል። አሁን ኤፒኩ ላይ 768 ጊጋ ፈለጋችሁ እንበል። ባለ 64 አሥራ ሁለት ብትሰኩ 768 ይሞላል። ባለ 128 ስድስት ብትሰኩም ያው 768 ነው፣ ግን ስድስት ቻናል ባዶ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው በሰከንድ 460.8 ጊጋባይት ሲያሳልፍ ሁለተኛው 230.4 ላይ ይቆማል። ለፕሮሰሰሩ ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ ግማሹን መንገድ ዘጋችሁበት ማለት ነው። «ለወደፊት የሚሆን ክፍት ስሎት እንተው» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሥራ የምጠቁመው ባለ 64 ጊጋ አርዲም (የተለመደው የሰርቨር ሜሞሪ ሞጁል) ነው፣ ሁሉንም ቻናል የሚሞላ። ስቲከሩ ላይ 2አርኤክስ4 የሚል ፈልጉ። ፊት ያለው 2 የራንኩ ቁጥር ነው፣ ራንክ በአንዴ አብረው የሚሠሩ ቺፖች ቡድን ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 4 ደግሞ እያንዳንዱ ቺፕ በአንዴ ስንት ቢት እንደሚያወጣ ይናገራል። ባለ 4 ሲሆን አንድ ቺፕ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ሰርቨሩ አርሞት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ባለ 8 ላይ ይህ ጥበቃ ይሳሳል። በጥቂት ዋጋ ልዩነት ይህን አሳልፎ መስጠት አይገባም።

ከአንድ ቴራ በላይ ለሚፈልግ ባለ 96 በጣም ደስ የሚል አማራጭ ነው። ባለ 24 ጊጋቢት ቺፕ ስለሚጠቀም ቺፕ መደራረብ አያስፈልገውም። በ12 ስሎት 1152 ጊጋ ይሰጣል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሰርቨሩን አምራች የሚደገፉ ሜሞሪዎች ዝርዝር እዩ፣ ባዮሱንም (ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) አድሱ።

ባለ 128 ላይ ረጋ በሉ። በአንድ ስም ሁለት ዕቃ ነው ያለው። አንዱ ቺፖቹ እርስ በርስ ተደራርበው በመሀላቸው በተበሳ ቀዳዳ የተገናኙበት ነው፣ ሦስትዲኤስ ይሉታል። ስቲከሩ ላይ 2ኤስ2አርኤክስ4 ብሎ «ኤስ» ያስገባል። ሌላው በባለ 32 ጊጋቢት ቺፕ የተሠራው አዲሱ ነው፣ መደራረብ የለበትም። መደራረብ ሥራው ከባድ ስለሆነ ዋጋውን ያንረዋል። ሰርቨራችሁ የሚቀበለው ከሆነ አዲሱን ውሰዱ። ባለ 256ን የምመክረው ስሎት ሁሉ ሞልቶ አሁንም ላልበቃው ብቻ ነው።

በአንድ ቻናል ሁለት ሞጁል መሰካትስ? ይቻላል፣ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ቅድም ያልኩት ዚዮን ከ4800 ወደ 4400 ይቀንሳል።

ያገለገለ ዲዲአር4 ሰርቨር የምትገዙ ደግሞ ይቺን ከእኔ ተማሩ። አንድ ጊዜ አሥራ ስድስት ባለ 64 አዘዝኩ። ስሰካቸው ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ማታውን ሙሉ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ስሞክር ቆየሁ። ሊነጋ ሲል ሁለቱን ከሌሎቹ ጎን በመብራት ሥር አስቀምጬ አየኋቸው። ከወርቃማው ጥርስ በላይ ትንንሽ ቺፖች በረድፍ ተደርድረዋል። የቀሩት አሥራ አራቱ ላይ ያ ረድፍ የለም፣ መሀል ላይ ያለው አንዱ ቺፕ ብቻ ነው። ሻጩ አርዲም እና ኤልአርዲም (ያ ረድፍ ያለው ሌላ ዓይነት ሞጁል) ቀላቅሎ ነበር የላከልኝ። ሁለቱ በአንድ ሰርቨር አብረው አይሠሩም። ዕቃው ሲደርስ ከመሰካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገልብጣችሁ እዩ።

«ዲዲአር5 ሁሉም ኢሲሲ (የስህተት ማረሚያ) አለው» የሚል ሻጭም አትመኑ። እውነት ነው፣ ቺፑ ውስጥ የራሱ ማረሚያ አለ። ከቺፑ ወጥቶ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ዳታ ግን አይጠብቅም። እሱን የሚጠብቀው ሞጁሉ ላይ ያለው ተጨማሪ ቺፕ ነው። ዩዲም የሚባለው የዴስክቶፑ ሞጁል ደግሞ ዋጋው ቢያጓጓም እዚህ በጠቀስኳቸው ሰርቨሮች ላይ አይገባም። ጥርሱ እኩል 288 ቢሆንም መሀል ያለው ክፍተት ቦታው ይለያል። የሰርቨሩ ሞጁል 12 ቮልት ነው የሚቀበለው፣ የዴስክቶፑ 5።

ስለ ብራንድ ብዙ አልጨነቅም። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን ቺፑን ራሳቸው ስለሚሠሩ መጀመሪያ እነሱን አያለሁ። ኪንግስተን ቺፕ ገዝቶ ይገጥማል፣ ግን ሰርቨር ፕሪሚየር የሚለው ምርቱ በየጊዜው ቺፕ አይቀያይርም። በኋላ ተመሳሳይ መጨመር ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኤምአርዲም የሚባለው አዲሱ የሞጁል ዓይነት በዚዮን 6 ላይ እስከ 8800 ይሄዳል። ለሳይንሳዊ ስሌትና ለኤአይ ግሩም ነው፣ ለተራ ድረገጽ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከሜሞሪ ስሎቱ ውጪ ሲኤክስኤል በሚባል መገናኛ የሚጨመር ሜሞሪም አለ። ምላሹ ዘግየት ስለሚል እንደ ዋና ሜሞሪ አትቁጠሩት፣ ብዙም ለማይነካ ዳታ ይሁን።

ሰክታችሁ ስታበሩት ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፣ አታጥፉትም። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ሞጁል እየለካና እያስተካከለ ነው። ባዶ የቀረ ስሎት ካለ የፕላስቲክ መሙያውን መልሱበት፣ አየሩ በሞጁሎቹ መሀል እንዲያልፍ ያደርጋል። ከዚያ ሜምቴስት የሚባለውን የሜሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም ለአንድ ሌሊት አስኪዱ። ሥራ ከጀመረም በኋላ የታረሙ ስህተቶችን ቁጥር በየሳምንቱ እዩ። በአንድ ስሎት ላይ ብቻ እየጨመረ ከሄደ ሰርቨሩ እስኪወድቅ አትጠብቁ፣ ዋስትናው ሳያልቅ አስቀይሩት።