ለአራስ ልጄ ያነጠርኩትን ቅቤ በመርከብ ማሻገር ይፈቀድልኛል?

የአራት ኪሎዋ እናት፦

ጤና ይስጥልን። ልጄ የምትኖረው ለንደን ነው። የመጀመሪያ ልጇን በሰኔ መጨረሻ ትወልዳለች፤ እኔም በአራስነቷ አጠገቧ ልሆን ቪዛዬን ይዤ ቀን እቆጥራለሁ። መንገዴ ቀጥታ አይደለም። ከቦሌ ተነሥቼ ፓሪስ ታናሽ ወንድሜ ዘንድ አምስት ቀን አርፋለሁ። ከዚያ በአውቶቡስ እስከ ካሌ፣ ከካሌ በመርከብ ባሕሩን ተሻግሬ ዶቨር፣ ከዶቨር ለንደን። ወንድሜ በአውሮፕላን ሊልከኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ባሕር አይቼ አላውቅምና በመርከብ ይሁንልኝ አልኩት።

የጨነቀኝ የቅቤው ነገር ነው። ስድስት ኪሎ የሸኖ ቅቤ ከሾላ ገበያ ገዝቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳነጥር ዋልኩ። ኮረሪማውን ራሴ ፈልፍዬ ወቀጥኩት፤ ኮሰረቱ ጥላ ላይ የደረቀ ነው፤ አብሽና እርድ ጨመርኩበት። አረፋው ተገፍፎ ዝቃጩ ሲቀር የድስቱ ወለል እስኪታይ ድረስ ጠለለ። የግቢው ሰው ሁሉ መዓዛው ስቦት «ልጅቷ ወለደች እንዴ?» ብሎ መጣ። አሁን በሁለት ክዳናማ ዕቃ ረግቶ ተቀምጧል። ከእሱ ሌላ ለአናቷ የሚሆን ትንሽ ለጋ ቅቤ፣ ሁለት ኪሎ ቋንጣ፣ ጭኮ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄትና ማር አዘጋጅቻለሁ።

ትናንት አንዲት ጎረቤቴ አውሮፓ የከብት በሽታ ገብቷል፣ ሻንጣ እየከፈቱ ሥጋና ቅቤ ይወስዳሉ አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ በልብስ ጠቅልለሽ ከበርበሬው ሥር ደብቂው ትላለች። እኔ መደበቅ አልፈልግም። የልጅ ልጄ የተወለደበት ገንፎ ሲገነፋ እጄ ንጹሕ ሆኖ ማገንፋት ነው የምመኘው። የምታውቁ ንገሩኝ፦ ነገሩ እውነት ነው? በእሳት የነጠረ ቅቤም ይከለከላል? የማይሆን ከሆነስ ፓሪስ ቅቤ ገዝቼ ወንድሜ ቤት አንጥሬ ባሻግር?

የካዛንቺሱ ተመላላሽ፦

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ማርያም በሰላም ትገላግላት። እውነት ነው። ነገር ግን የሚያስቸግርዎት መርከቡ ጋ ከመድረስዎ በፊት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያም ሆነ ከአብዛኛው የውጭ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ይህ በከብት በሽታው ምክንያት የመጣ ሳይሆን የቆየ ሕግ ነው፤ ቢነጥርም፣ ቢደርቅም፣ በፖስታ ቢላክም ያው ነው። ስለዚህ ቅቤው፣ ለጋው ጭምር፣ እንዲሁም ቋንጣው ፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀራል። ጭኮውም በቅቤ የታሸ ስለሆነ አብሮ ይወሰዳል። እኔ ሦስት ኪሎ ቋንጣ ከእጄ ተወስዶ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲጣል ቆሜ አይቻለሁ፤ እናቴ በእጇ የዘለዘለችው ነበር።

ሁለተኛው በር ዶቨር ነው። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ከሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ፣ እንዲሁም ወተት፣ ቅቤና አይብ ይዞ እንዳይገባ ከልክለዋል። ቢታሸግም፣ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ቢገዛም ለውጥ የለውም። የፓሪሱ ቅቤ ሐሳብዎ እዚህ ላይ ይወድቃል። የያዘ ሰው ያስረክባል ወይም ይወሰድበታል፤ ከበድ ባለ ጥፋት እንግሊዝ ውስጥ እስከ 5,000 ፓውንድ ይቀጣል።

ወንድምዎ ለመንገድ አይብ ወይም ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ቢቋጥርልዎት መርከቡ ላይ ይብሉት፤ ዶቨር ይዘው አይውረዱ። ባሕሩን ማቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ጊዜ አያጡም። ሲመለሱም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የሆላንድ ጉምሩክ ከእንግሊዝ በመርከብ ከመጡ ሹፌሮች እጅ ሳንድዊች ሲቀበል በቴሌቪዥን ታይቷል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቆሎና እንጀራ ችግር የለባቸውም። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። እርጥብ ቃሪያና ትኩስ ቅጠል ግን አይያዙ፤ የእነዚህ ሕግ ሌላ ነው።

ባለ ሻንጣው፦

ይህን ያህል ምን ያስፈራል? እኔ አራት ጊዜ ይዤ ገብቻለሁ፤ አንድም ቀን የከፈተኝ የለም። በልብስ ጠቅልለው ይሂዱ።

የከብት ሐኪሙ፦

እትዬ፣ ይህን ምክር አይስሙት። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከብት ሳክም ኖሬያለሁና ነገሩ ከልቤ ነው።

በሽታው እኛ አፍተግር የምንለው ነው። ከብቱ ምላሱና ድዱ፣ ጡቱና የኮቴው መካከል ይቆስላል፤ ልጋጉን ያዝረበርባል፣ ያነክሳል፣ መኖ ይተዋል። እኛ አገር ውስጥ ያለ በሽታ ስለሆነ ገበሬው ያውቀዋል፤ ላሟ ብዙ ጊዜ ትድናለች፣ ወተቷ ግን ይቀንሳል። እነርሱ ዘንድ አንዲት ላም ከታመመች መንጋው በሙሉ ይወገዳል። ጀርመን ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይታው የማታውቀውን በሽታ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በርሊን አጠገብ ጎሾች ላይ አገኘችው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ደግሞ ሀንጋሪና ስሎቫኪያ ገባ። የእንግሊዝን ፍርሃት የሚያስረዳው 1993 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት በሽታው መጀመሪያ የተዛመተው በደንብ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ይበሉ ከነበሩ አሳማዎች እንደሆነ ይታመናል፤ እስኪቆም ድረስ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደው ተወገዱ። ከአንድ ሰው ሻንጣ የወጣ ቁራሽ ሥጋ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ አሳማ ቢያገኘው ይበቃል።

ሰውን አይጎዳም፤ ልጅዎም የልጅ ልጅዎም ከቅቤው ምንም አይሆኑም ነበር። እሳትም ተዋሲውን ያዳክመዋል። ነገር ግን በር ላይ የቆመው ሠራተኛ የእርስዎ ቅቤ ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደ ቆየ ክዳኑን ከፍቶ ሊያውቅ አይችልም። የነጠረውንና ያልነጠረውን አንድ ላይ የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ቋንጣው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጨውና ፀሐይ አይተማመኑበትም።

ለባለ ሻንጣውም አንድ ነገር ልበል። በመርከብ የመጣ የከብት በሽታ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ካራገፏቸው ከብቶች የተነሣው፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ በሬ አጥቶ መሬቱ ጦም አደረ፣ ሰውም በረሃብ አለቀ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት በዚህ ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እኔ በዚያ የክትባት ዘመቻ የመጨረሻ ዓመታት መርፌ ይዤ አፋር በረሃ ተንከራትቻለሁ። አራት ጊዜ አልተያዝኩም ማለት አራት ጊዜ አልጎዳሁም ማለት አይደለም።

የለንደኗ ሠላም፦

እትዬ፣ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ ነው፤ ሁለት ልጆች የወለድኩት ግን እዚህ ለንደን ነው። ቅቤውን ይተዉት፤ ቅመሙን ይዘው ይምጡ። ሽታው ያለው ከቅመሙ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹና እርዱ ደርቀው፣ ተፈጭተው፣ ታሽገው፣ ስማቸው ተጽፎባቸው ይምጡ።

ቅቤው እዚህ በየሱቁ አለ። ጨው የሌለበትን ይምረጡ፤ ካገኙ ከረጋ ክሬም የተናጠውን። እኔ ቅቤውን ከሁለት ማንኪያ እርጎ ጋር አሽቼ ከማቀዝቀዣ ውጪ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፤ በማግስቱ በዝግታ አነጥረዋለሁ። የአገር ቤቱን ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ያመጣልኛል። እሳቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ዝቅተኛው ላይ ያድርጉትና አጠገቡ ይቁሙ፤ ሽንኩርት ጣል ቢያደርጉበት መንጠሩን ይነግርዎታል። እናቴ መምጣት ስላልቻለች የመጀመሪያ ልጄን ገንፎ ባለቤቴ በስልክ እየታዘዘ አገንፍቶልኛል። ጓጎለ፤ እያለቀስኩ በላሁት። የእርስዎ ልጅ እናቷ መጥታላት ቅቤው የየት ነው ብላ አትጠይቅም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሕጉ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት ወንድምዎ የሁለቱንም መንግሥታት የጉምሩክ ገጽ ያንብብልዎት።

የአራት ኪሎዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ሁላችሁንም። የከብት ሐኪሙ ስለ ክፉ ቀን የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ የአያቱ አባት ከወሎ በዚያ ዘመን ነው የተሰደዱት።

ባለ ሻንጣው ልጄ፣ በክፋት እንዳልተናገርክ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አልደብቅም።

ሠላምዬ፣ ያንቺን ነገር ሳነብ እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ጠዋት ኮረሪማና ኮሰረት እንደገና ገዝቼ አስፈጨሁ። በሦስት ከረጢት አሽጌ በትልልቅ ፊደል ስማቸውን ጽፌባቸዋለሁ፤ አንደኛው ያንቺ ነው፣ ለንደን ስደርስ እዚሁ ጽሕፈት እተውልሻለሁ። ጭኮውን የግቢው ልጆች ጨረሱት። ቋንጣው ባለቤቴ እኔ እስክመለስ የሚበላው ይሆናል። ከቅቤው አንዱን ዕቃ ማዶ ላለችው ጎረቤቴ ሰጠኋት፤ የእርሷም ምራት በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። የተረፈው ለክርስትናው ድግስ እዚህ ይጠብቃል፤ ልጄ ሕፃኑን ይዛ ለጥምቀት እመጣለሁ ብላኛለች።

ገንፎ ማማሰያዋን ግን ይዣለሁ። እንጨት ናት፤ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቻታለሁ። ስለ እርሷ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።