ሜዳችን ላይ ሞል ይሠራ? እስቲ እንከራከር

ጎረቤቶች፣ ወሬውን ሰምታችኋል። እዚህ አያት ጫፍ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው ይባላል። ሱፐርማርኬት፣ ካፌ፣ ባንክ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ። ባለሀብቱ እሁድ ዕለት ኮሚቴውን ጠርቶ የሚያምር ሥዕል አሳይቷል። ሥዕሉ ላይ ዛፍም ፏፏቴም አለ። ጭቃ ብቻ የለም፤ ሐምሌን ረስተውት ይሆናል። ድጋፍ እንድንፈርም ወረቀት እየዞረ ነው። እኔ ልቤ ወደ ተቃውሞው ያደላል። ግን ሳልሰማችሁ መወሰን አልፈለግሁም።

የብሎክ 4 እናት፦ እኔ ሳላፍር እደግፋለሁ። ሁለት ሕፃናት ይዤ የተሟላ ነገር ለመግዛት መገናኛ ድረስ እወርዳለሁ። በ2008 ባቡሩ አያት ድረስ ሲመጣ እፎይ ብለን ነበር፤ አሁን ግፊያውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ስንገባ የተሰጠን ቤት ብቻ ነው። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል ተባልን። ይኸው ሲመጣ ደግሞ አይምጣ?

የብሎክ 11 አባት፦ ልጄ፣ ሜዳው ባዶ የሚመስለው በመኪና ለሚያልፍ ሰው ነው። አምና ባለቤቴ ስታርፍ ድንኳኑ የተተከለው እዚያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ነበር። ድስቱ የተጣደው፣ የዕድሩ ወንበር የተደረደረው እዚያው ነው። ሳሎኔን ታውቂዋለሽ፤ ስምንት ሰው ከገባ ዘጠነኛው በር ላይ ይቆማል። የጋራ መገልገያ ሕንፃው ቢባል ግማሹ ተከራይቷል። ደመራ የምንለኩሰው የት ነው? የቅርጫው በሬ የሚጣለውስ? በርበሬ የምታሰጡትስ? ሰርግም ለቅሶም በአሳንሰር ወደ ካፌ አይወጣም።

ባለ ሱቁ፣ ብሎክ 2፦ አባታችን ልክ ናቸው። እኔ ምድር ቤቱን በጨረታ የገዛሁት ሳይቱ ውስጥ ንግድ ይኖራል ተብዬ ነው። የዱቤ ደብተሬ ላይ ስንቶቻችሁ እንዳላችሁ እግዜር ያውቃል። ሞሉ ዱቤ ይሰጣችኋል?

የብሎክ 4 እናት፦ ጋሼ፣ ዘይት ስንት እንደሚሸጡልን አያናግሩኝ።

ባለ ሱቁ፣ ብሎክ 2፦ አከፋፋዩ ሲጨምርብኝ ከየት ላምጣ?

የብሎክ 6 ወጣት፦ ጋሼ፣ ፉክክሩ አይቀርም። ከ2016 ጀምሮ የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብትም ተከፍቷል። እዚህ ባይሠራ ማዶ ይሠራል። እኔ ዲግሪ ይዤ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሂሳብ ተቀባይም ቢሆን እገባለሁ። ስለ ድንኳን ብቻ ስታወሩ ትንሽ ይከፋኛል።

የብሎክ 7 ነዋሪ፦ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው፣ ከሙያዬ ልናገር። ወደ ሳይታችን የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው። የዕቃ መኪና፣ የገበያተኛ መኪና፣ ባጃጅና የተማሪ ሰርቪስ በዚያች መንገድ ሊተላለፉ ነው። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች ምን ያህል ችግር እንደሆነ ሰምተናል። ሁለተኛ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ ሞሉ ከየት ሊቀዳ ነው? ሦስተኛውን ማንም ያነሳው የለም። የክረምቱን ጎርፍ የሚመጥልን ያ ሜዳ ነው። ኮንክሪት ከለበሰ ውሃው ቁልቁል ብሎክ 11 ምድር ቤት ይገባል።

ደግሞ ኮሚቴው ያየው ሥዕል ነው እንጂ ጥናት አይደለም። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንቀጽ 15፣ የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ይታይ፣ አስተያየትም ይሰብሰብ ይላል። ተጠንቶ ከሆነ ይምጣና እንየው። ካልተጠና ምን ላይ ነው የምንፈርመው?

የብሎክ 6 ወጣት፦ ይሄ ያስማማኛል። ጥናቱን ማየት ሥራውን አያስቀርም።

የብሎክ 9 ልጅ፦ እናቴ በሩ ጋ ጉሊት ናት፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አስተያየቷን የጠየቃት ሰው ግን የለም። ትናንት ማታ እኔ ጠየቅኳት። «ሰው ከበዛ ገበያ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሞል በር ላይ ግን ጥበቃው ያስነሳኛል» አለች። እኔም ይህንኑ ነው የምፈራው። የሚሠራ ከሆነ ለጉሊቶቹ መደብ ይሰጥ፤ ያውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

እንግዲህ ልመለስ፣ ርዕሱን ያነሳሁት ሰውዬ ነኝ። ስንከራከር አንድ ነገር እንደዘለልን ገባኝ። ሜዳው የማን ነው? በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ በ370/1995፣ የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ ነው። ሜዳው በሳይታችን ካርታ ውስጥ ከሆነ ኮሚቴው ብቻውን እሺ ሊል አይችልም። ከካርታው ውጭ ከሆነ ደግሞ በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ እንጠይቅ። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድ ይሁን ይላል። ይህ ሜዳ ከአረንጓዴው ድርሻ ከሆነ ክርክራችን ሌላ ነው። የኮሚቴ አባላት ስትባሉ ይህን ቀድማችሁ መጠየቅ ነበረባችሁ፤ ቅር አይበላችሁ።

ስለዚህ አሁን ድጋፍም ተቃውሞም አልፈርምም። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ወረዳ እሄዳለሁ። ካርታውን፣ ፕላኑንና ጥናቱን በደብዳቤ እጠይቃለሁ። አብሮኝ የሚሄድ?

የብሎክ 7 ነዋሪ፦ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ አረቅቀዋለሁ።

የብሎክ 4 እናት፦ ልጆቹን የሚይዝልኝ ካገኘሁ እመጣለሁ። ሞሉን ግን አሁንም እደግፋለሁ፣ እወቁልኝ።

የብሎክ 11 አባት፦ ልጆቹን እኔ ጋ አምጫቸው። ሜዳው ላይ ይጫወታሉ።