«አንድም አዲስ በር አልተከፈተም» ላለው ሰው

ሒሳብ ይውጣ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ቨርጂኒያ ያለው አርሊንግተን ካውንቲ ለባርክሮፍት አፓርታማዎች መግዣ 150 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ አንድም አዲስ በር ግን አልተከፈተም» ብሎ ለጠፈ። ስንቱ ሰው አጨበጨበለት! እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። በፈረንጅ 2021 መጨረሻ ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ዳር ያሉት የባርክሮፍት 1,334 ቤቶች ሲሸጡ ካውንቲው 150፣ አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን ለገዢው ባያበድሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ግራናይት ተለጥፎባቸው ኪራዩ ሰማይ ይወጣ ነበር። አዲስ በር አልተከፈተም፣ እሺ። ሳይዘጋ የቀረውስ አይቆጠርም?

ናፍጣ፦ «አንዱ» ያልከው እኔ ነኝ፤ ስሜን መጥራት ምን አስፈራህ? አሁንም እደግመዋለሁ፣ አንድም አዲስ በር አልተከፈተም። ወረፋ የሚጠብቀው አሁንም ወረፋው ላይ ነው። ቀድሞ የገባው ተመቸው። እኛ ምን አገኘን?

የፓይኳ፦ «ተመቸው»? ሃያ ዓመት ሌሊት እየሠራሁ የከፈልኩት ኪራይ ነው ምቾት የተባለው? ደግሞ ሰው ሲለቅ ሌላ ይገባል። ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ ያልበለጠ ሰው ነው የሚገባው፣ ያውም ለ99 ዓመት። እሱስ በር አይደለም?

ናፍጣ፦ የ99 ዓመት ብድር! «ብድር በምድር» ሲባል እንዲህ አልመሰለኝም ነበር። የልጅ ልጆቼ ናቸው የሚያስመልሱት?

ሒሳብ ይውጣ፦ አታምታታ። 99 ዓመቱ ኪራዩ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የተገባው ውል ነው፣ የብድሩ ዕድሜ አይደለም። 150 ሚሊዮኑን ለ1,334 አካፍለው። ለአንድ ቤት 112 ሺህ ገደማ ነው። በዚህ ገንዘብ አርሊንግተን ውስጥ አዲስ አፓርታማ ሠርተህ አሳየኝና ዝም እላለሁ።

ናፍጣ፦ የአማዞኑን የት ጣልከው? ደምረህ አካፍል፣ 232 ሺህ ይመጣል። ስምህ ሒሳብ ይውጣ፣ ሒሳብህ ግማሽ።

ሒሳብ ይውጣ፦ የቆጠርኩት የግብር ከፋዩን ነው። የአማዞን ካዝና አንተን ምን አሳሰበህ?

ጥግ የያዘው፦ ሁለታችሁም ዋናውን ስታችኋል። ባርክሮፍትን የገዛው ኖን ፕሮፊት (ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት) አይደለም። ጄር ሊንች የግል ዴቨሎፐር ነው። እዚሁ አርሊንግተን ያለውን ክሪስታል ሃውስ አፓርታማ ግን ኖን ፕሮፊት ነው የገዛው፣ በአማዞን ገንዘብ። ከካውንቲው የቤት ፈንድ የሚበደሩትም በብዛት ኖን ፕሮፊቶች ናቸው። እነሱ ሲከፍሉ ገንዘቡ ዞሮ ለሌላ ሕንፃ ይሆናል። ልንጮህ ከሆነ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ እንጩህ።

ናፍጣ፦ «ሲከፍሉ» አለ! ውሉን አይተኸዋል? የሚከፍሉት ከባንክ ዕዳና ከወጪ የተረፈ ካለ ነው። የተረፈ ካለ! እኔ ለመኪናዬ አበዳሪ «ከተረፈኝ እከፍላለሁ» ብለው በነጋታው መኪናዋን አላገኛትም።

ጥግ የያዘው፦ እንዲህ ባይሆን ኪራዩ በምን ዝቅ ይላል? የባንክ ወለድ የሚከፍለው ተከራይ አይደለም እንዴ?

ዝናቤ፦ ስሙን አልጠራም። ያለሁበት ሕንፃ በሕዝብ ብድር የተገዛ የኖን ፕሮፊት ነው። በረዶ በወረደበት ሳምንት ማሞቂያው ቆመ። ማኔጅመንት «ዕቃው ታዟል» ይላል። ታዟል፣ ታዟል፣ መጋቢት ገባ። ብድሩ መግዣ ብቻ ሆኖ የጥገና ገንዘብ ካልተቀመጠለት የቀበሌ ቤት ነው የሚሆነው። አገር ቤት በ1967 (በእኛ አቆጣጠር) ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ 47 ወጣ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ ሕዝቡ ጨፈረ። ጣሪያውን ማን ቀየረ?

የፓይኳ፦ የቀበሌ ቤትን አትንካብኝ። እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገችበት ነው። ባፈሰበት ሳፋ እየደቀንን አድገናል።

ዝናቤ፦ እህቴ፣ አሜሪካ የመጣነው ሳፋ ልንደቅን ነው?

ጥግ የያዘው፦ አዋጅ 47ን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ያ ውርስ ነበር፣ ይሄ ግዢ ነው። እዚህ ባለቤቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ነው የወጣ። ደግሞ ለቀበሌ የተሰጠው ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የኪራይ ቤቶች ነበር።

ዝናቤ፦ ስለ ማሞቂያ ነው ያወራሁት፣ ጋሼ።

ዲሲ ነኝ፦ ከወንዝ ማዶ ልግባ። እኛ ዘንድ ከ1980 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሕንፃ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ተከራዩ ቀድሞ የመግዛት ዕድል አለው። እናንተ ያ የላችሁም። ግን መብቱ ብቻውን ወረቀት ነው። የጊዜ ገደብ አለው። ተከራዮች ተደራጅተው፣ አብሯቸው የሚገዛ ኖን ፕሮፊት አግኝተው፣ አበዳሪው ካልፈጠነ ቀኑ ያልፋል። ከተማዋ በፈረንጅ 2017 ያሉትን ርካሽ ቤቶች ለማቆየት ብቻ ፈንድ ያቋቋመችው ለዚህ ነው፣ ቶሎ የሚለቀቅ የአጭር ጊዜ ብድር።

ናፍጣ፦ እና እዚያስ ስንት አዲስ በር ተከፈተ?

ሒሳብ ይውጣ፦ ኧረ በሩን ተወው! ቆይ፣ «ወረፋ ላይ ነን» ያልከው አንተ ባለፈው ወር «ውድብሪጅ ቤዝመንት አከራያለሁ» ብለህ እዚሁ አልለጠፍክም?

ናፍጣ፦ የምከራከረው ለእህቴ ነው። ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

የፓይኳ፦ ቤዝመንቱን ስጣታ!

ናፍጣ፦ የእኔ ሞርጌጅ «ከተረፈ» የሚል የለበትም።

ዲሲ ነኝ፦ የጻፍኩትን ያነበበ አለ?

ዝናቤ፦ ናፍጣ፣ ቤዝመንቱ ማሞቂያ አለው? ስንት ነው?