ጉባኤያችንን ወደ ኦንላይን ስለማዛወር፦ የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮውን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉባኤ ወደ ኦንላይን ለማዛወር ለሥራ አመራር ኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እናርቅቅ። ምክንያቱ ለማናችሁም አዲስ አይደለም። ከወልድያ፣ ከከሚሴ፣ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ አካባቢ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች መንገዱን እያሰቡ ይቀራሉ። "እመጣለሁ" ያለ ተናጋሪ ሳምንት ሲቀረው ይሰርዛል፤ አይፈረድበትም። የአዳራሽና የመስተንግዶ ዋጋም አልቀመስ ብሏል።

ለመነሻ ይህን አቀርባለሁ። የሁለት ቀኑ ፕሮግራም እንዳለ ይቀመጥ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ንግግሮቹ በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፉ። ተናጋሪውም አድማጩም ካለበት ሆኖ ይግባ። የጎደለውን ጨምሩበት፣ የማትስማሙበትንም ጻፉ።

አባል፣ ከኮምቦልቻ

መዛወሩን እደግፋለሁ። ቀኑን ሙሉ በቀጥታ የሚለውን ግን አልደግፍም። ረዘም አድርጌ ስለምጽፍ ታገሱኝ፤ ነገሩ የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ትልልቆቹ ጉባኤዎች ሁሉ ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። የጉግል አይኦ በዚያ ዓመት ጭራሽ ተሰረዘ። የአፕል ደብሊውደብሊውዲሲ ኦንላይን ሆነና ለሁሉም በነፃ ተከፈተ። ፒትስበርግ ላይ ሊካሄድ የነበረው የአሜሪካው ፓይኮን፣ የፓይተን ፕሮግራመሮች ጉባኤ፣ ንግግሮቹን በቪዲዮ አወጣ። በ2019 አክራ ላይ የተጀመረው ፓይኮን አፍሪካም ሁለተኛ ዓመቱን ያሳለፈው ኦንላይን ነው።

እኛ ልንማርበት የሚገባው ግን ፎስደም ይመስለኛል። ብራሰልስ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄድ፣ መግቢያው ነፃ የሆነ፣ በፈቃደኞች የሚሠራ ጉባኤ ነው። በ2021 ኦንላይን ሲሆን ንግግሮቹን ቀድመው አስቀረጿቸው። የተቀረጸው ሲተላለፍ አድማጩ ጥያቄውን ይጽፋል። ንግግሩ እንዳለቀ ተናጋሪው በቀጥታ ገብቶ ይመልሳል። ከዚያ ክፍሉ ለፈለገ ሁሉ ይከፈትና ወሬው ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ እነሱ የኢንተርኔት ችግር የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። እንዲያም ሆኖ ዋናውን ንግግር ለቀጥታ መስመር አልሰጡትም።

አሁን ወደ እኛ ሒሳብ ልምጣ። ቀጥታ ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ቢፈስ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በቀን 6 ሰዓት ብናስተላልፍ ለሁለቱ ቀን 5.4 ጊጋባይት ማለት ነው። ይህን ከሞባይል ዳታህ ላይ ክፈል ብለን ተማሪ መጋበዝ አንችልም። ስላይድና ድምፅ ያለበት የተቀረጸ ንግግር ግን ምስሉ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ በሴኮንድ 150 ኪሎቢት ይበቃዋል። የ20 ደቂቃ ንግግር 23 ሜጋባይት አይሞላም። 20 ንግግር ብናዘጋጅ ሁሉም ተደምሮ 450 ሜጋባይት ነው። ለአንድ ሰዓት ቀጥታ ስርጭት በሚወጣው ዳታ የጉባኤውን ንግግር በሙሉ ማግኘት ይቻላል። ድምፁን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ አንዱ ንግግር ከ5 ሜጋባይት በታች ይሆንለታል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ያህል እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ፋይሉ ቀድሞ እጁ የገባ ሰው ግን መስመሩ ቢጠፋም ንግግሩ አይቀርበትም። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ንግግሩ ይቀረጽ፣ ከሳምንት በፊት በቴሌግራም ቻናላችን ይለቀቅ፣ በጉባኤው ቀን በቀጥታ የሚሆነው ጥያቄና ውይይቱ ብቻ ይሁን። ያውም በድምፅ ብቻ።

ገንዘብ ያዥ

አሳምኖኛል። የአዳራሽ ወጪ ከቀረ የሚያስፈልገን ጥሩ ማይክሮፎን፣ ለተናጋሪዎች የዳታ ክፍያና ቪዲዮ ለሚያስተካክሉት ልጆች ትንሽ አበል ነው። መግቢያው ነፃ ይሁን። የስፖንሰሮች ስም በየቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ያለፈ ማስታወቂያ አይግባ።

ነባር አባል፣ ከደሴ

ልጆቼ፣ ሒሳቡ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ጉባኤያችን ንግግር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ንግግርማ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ሰው እዚህ የሚመጣው በሻይ ሰዓት ለሚያገኘው ሰው ብሎ ነው። ለብቻው ሲታገል የከረመ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ "ይሄ እምቢ አለኝ" የሚለው እዚያ ነው። አንዱ "ሠራተኛ እየፈለግሁ ነው" ይላል፣ ሌላው "አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ" ይለዋል። አሁን አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል በቡና ሰዓት የተዋወቅኋቸው አሉ። መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላገኘኋቸው ነበር።

አዳራሽ ውስጥ ይሄ ሳይታቀድ ይሆናል። ወንበር ስትጋሩ፣ ለሻይ ስትሰለፉ ትተዋወቃላችሁ። ስልክ ላይ ግን ካልታቀደ አይመጣም። ንግግሩ አልቆ ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ካልጨመራችሁበት ድምፄን አልሰጥም። ደሴ ላይ አንድ ክፍል፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ክፍል ይኑረን። የደሴው ሰው የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ የኮምቦልቻውም መውጣት የለበትም። በየክፍሉ ንግግሮቹ ይታዩ፣ ቡና ይፈላ፣ ሰው ይተያይ። ቤቱ ሆኖ ለሚከታተለውም ሌላ መላ ፈልጉለት።

አባል፣ ከአዲስ አበባ

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን እዚህ የምሠራ ነኝ። እርስዎ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንደኔ ርቆ ያለ ሰው ቡናው ላይ አይደርስም፤ ግን ሊያግዝ ይፈልጋል። ጥያቄ ያላቸው ልጆች ቀድመው ይመዝገቡ። ሦስት ወይም አራት ልጅ ከአንድ ልምድ ካለው ሰው ጋር ለ30 ደቂቃ ይገናኝ። ልጆቹ የተቸገሩበትን ኮድ ከቀኑ በፊት ይላኩ፣ እኛም አይተነው እንግባ። ጂትሲ የሚባለው የቪዲዮ መገናኛ ለአራት ሰው ይበቃል፣ ስብሰባውን ከሚከፍተው ሰው በቀር መመዝገብም አይጠይቅም። መስመሩ እምቢ ካለ በስልክ ደውለን እንጨርሳለን። ከሥራ በኋላ ማታም ቢሆን እገባለሁ፤ እዚህ ያሉ ጓደኞቼንም አመጣለሁ።

የኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪ

እኔ የምጽፈው ዶርም ስላሉት ነው። ብዙዎቻችን ላፕቶፕ የለንም፣ ቪዲዮ የምናየው በስልክ ነው። አንድ ሰው ካወረደው ሌላው በዜንደር ወይም በፍላሽ ይወስዳል። ፋይሉ ትንሽ ከሆነ በአንድ ማታ ግቢውን ያዳርሳል። የተቀረጸው መንገድ ለእኛ በጣም ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፍኬት የወሰዱ ልጆችም አሉ። ትምህርቱን ለብቻቸው ጨርሰዋል። "ከዚህ በኋላስ ምን ልሥራ?" ብለው የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። በትንንሽ ቡድን የመገናኘቱን ሐሳብ በጣም የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ግብዣው በስማቸው ይጻፍላቸው።

ሌላው፣ ጥያቄ በጽሑፍ ይፈቀድ፤ ስም ሳይጠቀስም። አዳራሽ ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ በአማርኛ ሁለት መስመር ጽፎ ይጠይቃል።

አባል፣ ከደሴ

ልጄ ትንሽ ስለሆነች ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ጉባኤ መካፈል አልችልም። ንግግሩን ግን ማታ እሷ ስትተኛ ማየት እችላለሁ። እንደኔ ያሉ እናቶች ብዙ ነን። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ እደግፈዋለሁ።

የቀረጻውን ሥራ ልይዘው ፈቃደኛ ነኝ። ከአሁኑ የምለምናችሁ ነገር አለ። ቀረጻው በክረምት አይሁን። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተቀረጸ ድምፅ ምንም ቢታሽ አይጠራም። መስቀል ካለፈ በኋላ እንጀምር። ቤቱ የሚያስተጋባበት ሰው ብርድ ልብስ ይስቀል፣ መስኮት ይዝጋ። ኮድ የምታሳዩ ደግሞ ፊደሉን ከለመዳችሁት እጥፍ አጉሉት። ሰው የሚያየው በመዳፉ በያዘው ስልክ ነው። ቀረጻው ኦቢኤስ በሚባለው የኮምፒውተር መቅረጫ ፕሮግራም ይሆናል፤ ነፃ ነው፣ አቀማመጡን እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ። መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ናሙና ላኩልኝ። ድምፁ ደህና ከሆነ ትቀጥላላችሁ፣ ካልሆነ 20 ደቂቃችሁ በከንቱ አይሄድም።

ቴሌግራም ላይ ሲጫንም በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላክ። በቪዲዮ ከተላከ እንደገና ይጨመቅና ኮዱ አይነበብም።

አባል፣ ከኮምቦልቻ

ስለ ክፍሎቹ ነባር አባላችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የንግግሩን ነገር ብቻ ነበር ያየሁት። ክፍሎቹ ኢንተርኔት ላይ መንጠልጠል የለባቸውም። ሁሉም ንግግር አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫን። ከአንድ ራውተር ጋር ይያያዝና የገባው ሰው ሁሉ በዋይፋይ ወደ ስልኩ ይገልብጥ። ይህ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መስመሩ ከሌለ ተናጋሪው ላይ ይደወል፣ ስልኩ ማይክሮፎን አጠገብ ይቀመጥ።

ጸሐፊ

ቀኑን በተመለከተ በውስጥ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አርብ የጁምዓ ሰዓት ይነካል፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዳሜ ሙሉ ቀንና እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። የኔን የመጀመሪያ ሐሳብ ትቼ የሁላችሁንም አንድ ላይ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

"የዘንድሮው ጉባኤ በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ በኦንላይን እንዲካሄድ እንጠይቃለን። መግቢያው ነፃ ነው። እያንዳንዱ ንግግር ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ ከመስቀል በኋላ ተቀርጾ ጉባኤው ሳምንት ሲቀረው በማኅበሩ ቴሌግራም ቻናል በትንሽ መጠን ይለቀቃል፤ ድምፁም ለብቻው ይቀመጣል። በጉባኤው ቀን ተናጋሪዎች ቀድመው በጽሑፍ የተሰበሰቡትንና በዕለቱ የሚመጡትን ጥያቄዎች በቀጥታ በድምፅ ይመልሳሉ።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አንድ አንድ ክፍል ይዘጋጃል። በየክፍሉ ንግግሮቹ ካለ ኢንተርኔት የሚታዩበትና የሚገለበጡበት ላፕቶፕና ራውተር ይኖራል። ከፕሮግራሙ ሰዓት ቢያንስ ሲሶው ለቡናና ለትውውቅ ይተዋል፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አይያዝም። መምጣት ለማይችሉ ጀማሪዎች ሦስት ወይም አራት ሆነው ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ለ30 ደቂቃ የሚገናኙበት ምዝገባ ይከፈታል። ማኅበሩ ማይክሮፎን፣ የዳታ ክፍያና የቪዲዮ ሥራ አበል ይሸፍናል።"

ነባር አባል፣ ከደሴ

አሁን ድምፄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ በየክፍሉ አዲስ የሚገባውን እየተቀበሉ ከሚመስለው ሰው ጋር የሚያስተዋውቁ ሁለት ሁለት አባላት በስም ይመደቡ። "ሁሉም ያስተዋውቅ" ከተባለ ማንም አያስተዋውቅም። በደሴው ክፍል አንዱ እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ

የቡና ወጪ ይጨመር፤ ረስታችሁታል።

ጸሐፊ

ሁለቱም ገብተዋል። እስከ ነገ ማታ 2 ሰዓት ተቃውሞ ካልመጣ ለኮሚቴው አስገባለሁ። የቀረው የክፍሎቹ ነገር ነው። የደሴውን ፒያሳ አካባቢ እኔ አፈላልጋለሁ። ለኮምቦልቻው ማን አለ?

የኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪ

እኔ አለሁ። ሰኞ ግቢ ውስጥ ጠይቄ፣ ካልተገኘ ከተማ ውስጥ ያለውን ዋጋ ይዤ እመጣለሁ። ራውተርም ጓደኛዬ ጋ አለ፣ ያውሰናል።