በ1965 ኤምጂቢ ላይ የትኛውን ጌጅ የት ላድርግ?

ባለ ኤምጂቢ (ጀርመን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ኤምጂቢ፣ ያችን የእንግሊዞች ስፖርት መኪና፣ ገዝቻለሁ፤ መሪው በግራ ነው። የቀድሞው ባለቤት የብረቱን ዳሽቦርድ አውጥቶ ኮምፔርሳቶ ገጥሞበታል። የፍጥነቱና የሞተር ዙሩ ጌጆች መሐል ላይ ናቸው፤ የዘይት ግፊትና የውሃ ሙቀት ጥምር ጌጅ ከመሪው በስተጀርባ ነው። ፍጥነቴን ለማየት አንገቴን ማዞር አለብኝ። የጌጆቹ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። አዲስ ጣውላ ልቆርጥ ስለሆነ ምከሩኝ።

ጋሼ ካንዴላ፦ ልጄ፣ መጋዙን አስቀምጥ። መጀመሪያ ካርቶን ቁረጥና በቦታው ለጥፍ። መቀመጫህን በምትነዳበት ልክ አስተካክለህ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ፤ የመሪው ጠርዝና እምብርት የሚጋርዱትን ቦታ ሌላ ሰው በእርሳስ ያስምርልህ። ሁለቱ ትልልቅ ጌጆች ክፍት ሆኖ በሚቀረው ቦታ ይገባሉ። ትንሽ መሪ የገጠመ ሰው ይህን ሳያደርግ ቀዳዳ ከበሳ፣ መርፌው የሚታየው መኪናው ሲቆም ብቻ ነው።

አሮጌ ብረት፦ መሐል ማድረግ ግን የእንግሊዞች የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ጃጓር ኤክስኬ 120 ጌጆቹ መሐል ነበሩ፤ እንዲህ ሲሆን መሪው በግራም በቀኝም ቢገጠም ሰሌዳው አይቀየርም። ለፋብሪካው ተመቸ፣ ለሾፌሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የጃጓር ኢ-ታይፕ ሲመጣ ሁለቱ ትልልቆቹ ከሾፌሩ ፊት ሆኑ፣ ትንንሾቹ መሐል ቀሩ። ፖርሽ 911 ደግሞ ከአምስቱ ጌጆች ትልቁን፣ የሞተር ዙሩን፣ በትክክል መሐል ፊት ለፊት አደረገው። እኔ የምከተለው ፖርሽን ነው።

ጋሼ ካንዴላ፦ ዙሩን በጆሮህም ትሰማዋለህ። የዘይት ግፊት ግን ድምፅ የለውም። ነዳጅ ቢያልቅ በእግርህ ትሄዳለህ፤ የዘይት ግፊት ወድቆ ካላየህ ሞተሩን ትቀብራለህ። የነዳጁን ጌጅ ወደፈለግህበት ወርውረው፣ የዘይቱን ከዓይንህ አታርቀው።

የገመድ ሰው፦ ከጀርባ ያለውንም አስቡ። ከውሃው ጌጅ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ኤተር የሚባል ተናኝ ፈሳሽ የተሞላና የታሸገ ነው፤ ቆርጠህ ላስረዝም ካልህ ጌጁ ሞተ ማለት ነው። በዘይቱ ቱቦ የሚመጣው እውነተኛ ዘይት ስለሆነ፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ ትኩስ ዘይት እግርህ ላይ ይፈስሳል። የፍጥነቱን ገመድም በኃይል አታጥፈው፤ መርፌው ይንቀጠቀጣል።

መብራቱ የሚጠፋው ደግሞ ከጣውላው የተነሣ ይመስለኛል። በብረቱ ዳሽቦርድ ላይ ጌጆቹ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር) የሚያገኙት ከብረቱ ነበር፤ እንጨት ማሳ አያስተላልፍም። ከጌጅ ወደ ጌጅ አንድ ሽቦ ዘርግተህ ከመኪናው አካል ጋር እሰረው። የዚያ ዘመን ኤምጂቢ ማሳው ፖዘቲቭ እንደሆነ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እንደሆነ አትርሳ፤ ባትሪው ተገልብጦ ኔጋቲቩ ታስሮ ከሆነ የዙሩ ጌጅም አብሮ መስተካከል አለበት።

ባለ ኤምጂቢ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ለጥፌ ባለቤቴ አሰመረችልኝ፤ ፍጥነቱና ዙሩ ከመሪው በስተጀርባ በልካቸው ገቡ። የዘይቱን ጌጅ በመካከላቸው ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ቱቦውም ሳይወጠር ደረሰ። ማሳውን በአንድ ቁራጭ ሽቦ ብሞክረው መብራቱ ወዲያው በራ። ለነዳጁ የቀረለት ቦታ ከሬዲዮው አጠገብ ነው።